አንቱታና ፊውዝ

ሰኔ 4

ብርድ። መብራት ጠዋት ሄደ፣ እስካሁን አልመጣም። የደቡብ አፍሪካዋ ቴምቢሳ እንደ ልማዷ። ግድ የለኝም... ሁለቱን ባትሪዎች ዛሬ አሰርኩ። አንድ ዓይነት፣ አንድ ዕድሜ፤ ለያንዳንዱ ከፖዘቲቩ አጠገብ የራሱ ፊውዝ። መጀመሪያ ባትሪው ከቻርጅ መቆጣጠሪያው ጋር፣ ሶላሩ በመጨረሻ። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ካነበብኳቸው ልቦለዶች የብዙዎቹን ሴራ ያስንቃል።

የሱቅ ሸሪኬ ጋሼ ሀቢሶ ቆመው አዩኝ። «ለሁለት በግ ሁለት እረኛ?» አሉ።

ሰኔ 7

ጋሼ ከፍሪጁ ላይ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ጨምረው ሰኩ። አንዱ ፊውዝ ተቃጠለ፣ ሌላው ተከተለው። ሥራቸው ይኸው ነው፤ እነሱ ይቃጠላሉ፣ እኛ እንተርፋለን። አስረዳሁ። ገባኝ አሉ።

ሌላ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ፍሪጁ ይሠራል... በምን? በፊውዞቹ ቦታ የተላጠ የመዳብ ሽቦ ተቋጥሯል። ጴንጤው ጋሼ ሀቢሶ ለባትሪ ማተብ አሰሩለት።

አገር ቤት ወፍጮ ቤት ሳሉ እንዲህ ያደርጉ ነበር አሉ። ሽቦው አንድ ቀን ተቃጥሎ አያውቅም። ወፍጮ ቤቱስ? አልኩ።

«እሱ ሌላ ነገር ነው።»

ሽቦውን አውጥቼ ፊውዝ ከተትኩ። እኔና ሚስቴ ፍሬገነት የምንተኛው ከሱቁ ጀርባ ነው። በር አንድ፣ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ፣ ባትሪዎቹ በአልጋችንና በበሩ መካከል። ይህን ለመናገር «እርስዎ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። በአንቱታ መጮህ አይቻልም። ግሱ ራሱ ያጎነብሳል።

ሰኔ 8

ሽቦው ተመልሷል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ዶሮ እንዳይቀልጥ ነው አሉ። ሳልነቅለው ወጣሁ። ለምን?

ሰኔ 10

ከሰዓት የላስቲክ ሽታ። ጓዳ ሮጥኩ። ማንቆርቆሪያው ይፈላል፣ የባትሪው ገመድ ልባሱ ለስልሷል፣ ሚስቴ ከማዶ ተኝታለች። ኢንቨርተሩን አጠፋሁ፣ ሶላሩን ነቀልኩ፣ ባትሪዎቹን ፈታሁ።

ጋሼ ከባንኮኒው ሆነው ፍሪጁን ለምን አጠፋህ አሉ።

«አንተ ሀቢሶ፣ ሚስቴ እዚያ ተኝታለች።»

አንተ... አባቴ ቢሰማ ይሞት ነበር። ዳቦ ሊገዙ የተሰለፉት አማርኛ አያውቁም፤ ግን ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ። አንዲት አሮጊት በአገሯ ልማድ ተገርማ «ሀዉ» አለች።

ሰኔ 13

ገመዱ ተቀየረ። ፊውዞቹ በቦታቸው፣ ውሃ የሚፈላው ጋዝ ላይ። ባትሪዎቹን ከበሩ አርቀናቸዋል። ሀቢሶ ይቅርታ አልጠየቀም። እኔም።

ዛሬ ግን ከባትሪዎቹ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አንቱ፣ ስልኬን ብሰካ ይፈቅዱልኛል?»

ስልክ ይቻላል አልኩት። ንዴቴ አልበረደም። ገመዱ ግን ቀዝቃዛ ነው... አሁንም ዳሰስኩት።