ትኩሳቱ ባይለቀኝ ብዬ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል፣ እማዬ? ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽን አሁንም ይይዝሻል? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ተመስገን ነው፣ ይኸው በገዛ እጄ እጽፍልሻለሁ። ፊደሌ ዶሮ የጫረችው ቢመስልሽ አትደንግጪ፤ እጄ ገና ይንቀጠቀጣል እንጂ ደህና ነኝ። እንዳልደውልልሽ አማችሽ ስልኬን ላሠራልሽ ብሎ ወስዶት እስካሁን አልመለሰውም።

ወባ ታምሜ ነበር። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ክፉው አልፏል።

ሰኞ ጠዋት ብርድ ብርድ አለኝ። ለአማችሽ ስነግረው፣ "ሥራ የፈታ ሰው በሽታ አያጣም" አለና የራስ ምታት ክኒን አስቀምጦልኝ ወደ ጋራዡ ሄደ። ሲወጣ በሩን ከውጭ ይቆልፋል፤ ሌባ በዝቷል ይላል። ቁልፉ አንድ ነው፣ የሚውለውም እሱ ኪስ ውስጥ ነው። እዚህ ከመጣን ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ ለምጄዋለሁ።

በማግስቱ ውሃ እንኳ ሆዴ ውስጥ አልረጋ አለ። ክኒኑንም አስመለስኩት። ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ። "በእናትህ ሐኪም ቤት ውሰደኝ" ብዬ ለመንኩት። "ለጉንፋን ነው ሐኪም ቤት? እዚያ የምታውቂው ሰው አለ እንዴ?" አለኝና ቆልፎ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሰው ነግሮኝ ነው የማውቀው። ከግድግዳችን ወዲያ አንድ ብረት በያጅና ሚስቱ ይኖራሉ። ሲያንዘፈዝፈኝ አልጋዬ ግድግዳውን ይደበድብ ነበር አሉ። ሚስትየዋ እንደሌላው ጊዜ መስሏት ዝም ብላ ነበር። ኋላ ግን አማችሽ ሥራ ላይ መሆኑ ትዝ ሲላት እየሮጠች ባሏን ጠራችው። በያጁ ቁልፉን በብረት መቁረጫው ቆርጦ ገባ። "ዕድሜ ልኬን በር ስገጥም ኖሬ ዛሬ ደግሞ ሰባሪ ሆንኩ" እያለ አሁን ይቀልድበታል። ያን ጊዜ ግን እያለቀሰ ነው አሉ ተሸክሞ ባጃጅ ላይ የጫነኝ።

ደሜ ሲታይ ከባድ ወባ ሆነ፤ ጭንቅላቴ ድረስ ወጥቷል ተባለ። ራሷን የሳተች ሴት ምን ክኒን ትውጣለች? መድኃኒቱን በመርፌ በደም ሥሬ ሰጡኝ፤ ስኳሬ ወርዶ ስለነበር ግሉኮስም ሰቀሉልኝ። ዓይኔን ስገልጥ አንዲት ጠና ያለች ነርስ፣ "እንኳን ደህና መጣሽ፤ የት ጠፍተሽ ከርመሽ ነው?" አለችኝ። ስሜን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። "ቤት ማን አለሽ?" ስትለኝ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

መርፌውን ልትሰጠኝ በመጣች ቁጥር፣ "ይቺን ብቻ ቻዪልኝ፣ የኔ እመቤት" ትለኛለች። እኔ እኮ መርፌው አያመኝም፣ እማዬ። ሰው ክንዴን እንዲያ ቀስ አድርጎ ከያዘኝ ስንት ጊዜዬ ነው!

መዋጥ ስጀምር መርፌው ቀረና ወደ ክኒን አዛወሩኝ። ሰው ሁሉ እሰይ ሲል እኔን ከፋኝ። ጠዋት ጠዋት ሙቀቴን ሲለኩ፣ ትኩሳቱ ባይለቀኝ ብዬ እመኛለሁ። ልጄ አበደች አትበዪ። ክፍሉ ይጠባል፣ ሽታውም አይጣል ነው፤ በሩ ግን ሲከፈት ይውላል።

አማችሽ በየቀኑ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ሕመምተኛውን ሁሉ በየተራ እግዜር ይማርህ፣ ይማርሽ ይላል። ጎኔ የተኙት እናት፣ "ታድለሻል ልጄ፣ እንዲህ ያለ ባል!" አሉኝ። እሱ ግን ትራሴን የሚያስተካክል መስሎ ጎንበስ አለና በጆሮዬ፣ "በሬን እንዲሰብሩ ማን ፈቀደልሽ?" አለኝ።

ትናንት ዶክተሩ መውጣት ትችላለች አለ። አማችሽ ቀሚሴንና ጫማዬን ይዞ ከተፍ አለ። እኔ ቀሚሱን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ይኼኔ ነርሷ መጣች። ገላዬን ስታጥበኝ የሰነበተችው እሷ ናት፤ ወባ ቆዳ ላይ ምልክት እንደማይተው ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች። ፊት ለፊቱ ቆማ፣ "ይህ መርፌ ካዳነ በኋላ አንዳንዴ ሳምንታት ቆይቶ ደም ያሳንሳል። በየሳምንቱ ደሟ መታየት አለበት" አለችው። ይህ እውነት ነው፣ ዶክተሩም ነግሮኛል። "ስለዚህ እስክንጨርስ እዚሁ ግቢ፣ የሴቶች ማረፊያ ውስጥ ትቀመጣለች። ወንድ አይገባም" ብላ ጨመረችበት። ይህ እንኳ ከራሷ የመጣ ነው።

"እኔ አመላልሳታለሁ" አለና ወደ ዶክተሩ ዞረ። ዶክተሩ ነርሷን አየ፣ እኔን አየ፣ "እሷ እንዳለችው ይሁን" አለ። አማችሽ እየሳቀ አመስግኗቸው ወጣ። ያን ሳቁን አውቀዋለሁ።

አሁን ማረፊያው ውስጥ ነኝ። ከሥራ ሲወጣ ከግቢው በር ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። "እስኪመሽ አይሄድም" ይለኛል ዘበኛው። ደሜ ተስተካክሏል የተባልኩ ቀን ምን ሰበብ እንደማገኝ እንጃ።

ትዳር በመቻል ነው እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ችያለሁ፣ እማዬ። እሱን አሁን አልጽፈውም። የድሮ አልጋዬ ባዶ ነው ወይስ ታናሼ ወርሳዋለች? ከእሷ ጋር ተጣብቄ ብተኛም አይከፋኝም። አባዬን አስፈቅጂልኝ።

መልስሽን ወደ ቤት አትላኪው። የነርሷን አድራሻ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ፤ በእሷ በኩል ይድረሰኝ። አማችሽ ቢደውልልሽ ድምፅሽ እንዳይለወጥ፤ ከልጄ ምንም አልሰማሁም በዪው።

አምላክ ደጅሽን አይዝጋው፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የበኩር ልጅሽ