ስለ ስዩም ያልነገርኩዎት

ለውድ አባቴ ለአቶ ሠረቀብርሃን፣
ናዝሬት።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እህቴ ማራኪ «ጠዋት ጠዋት እስከ መናኸሪያው በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ» ብላ ስትነግረኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የዓይንዎ ነገርስ? ሐኪሙ የሰጠዎትን ጠብታ ይጠቀማሉ ወይስ እንደ ልማድዎ «ይሻለኛል» እያሉ መስኮት ላይ አስቀምጠውታል? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በጤና አሸጋገረዎ። እኔም፣ ባለቤቴ ጥላሁንም፣ ልጃችን ፌቨንም ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ያ የኮሮና በሽታ ሁለት ጊዜ ቤታችን ገብቶ ወጥቷል። ጥላሁን እስከ ዛሬ ሽታ በደንብ አይለይም፤ ወጥ ሲያርር የምነግረው እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። ጀፕስታውን ያለችው ሱቃችንም ሥራ ላይ ናት፤ ባለፉት ወራት ብርዱ ስለጠና ብርድ ልብሱ ጥሩ ሄዶልናል።

ይህን ደብዳቤ የያዘልኝ አቢሶ ይባላል። ከሱቃችን ጎን የሚነግድ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ አገር ቤት ሲገባ ናዝሬት ድረስ መጥቶ በእጅዎ ሊሰጥዎት ቃል ገብቶልኛል። በስልክ ያልነገርኩዎት የወንድሜ የስዩም ስም በተነሳ ቁጥር ስልኩን ለማራኪ ሰጥተው እንደሚነሱ ስለማውቅ ነው። ማራኪዬ፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አንድም ቃል እንዳታልፊ። አባባ «በቃ» ቢሉሽ እንኳ እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ ጥፋቱ በእኔ ይሁን።

አባባ፣ ሰኔ ላይ ለዕረፍት ኬፕታውን ሄድኩ ብዬዎት ነበር። ዋሽቻለሁ። የሄድኩት አየርላንድ ነው፤ ስዩም ጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ካረፈች ጀምሮ ስዩም ለምልከው መልእክት ሁሉ «ደህና ነኝ» ብቻ እያለ ሁለት ዓመት ቆየ። ባለፈው ሚያዝያ፣ በሙት ዓመቷ ቀን፣ እስኪያነሳ ድረስ ደጋግሜ ደወልኩ። «የት ነህ?» ብለው «ቤቴ ነኝ» አለኝ። ከጀርባው ግን ንፋስ ያፏጫል፤ ቆርቆሮ የሚደበድብ የሚመስል ዝናብም ይሰማል። ስልኩን ዘግቼ ስተክዝ ፌቨን አየችኝ። እዚህ ተወልዳ ያደገች ናትና አማርኛዋ ቅልቅል ነው። «ማሚ፣ ጀስት ጎ! ሾፑን እኔና ዳዲ እናየዋለን» አለችኝ። ጥላሁንም «ልጅቷ እውነቷን ነው» አለ። የደቡብ አፍሪካ ፓስፖርት ለያዘ ሰው አየርላንድ ቪዛ አይጠይቅም። ስለዚህ ሄድኩ።

ደብሊን አውሮፕላን ማረፊያ ሲቀበለኝ መጀመሪያ አላወቅሁትም። ከስቷል፤ ጢሙ ሸብቷል። አቅፎኝ ብዙ ቆየ። ከዚያ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ወደ አንድ ነጭ፣ ጎኑ የተጫረ ሚኒባስ ወሰደኝ። በሩን ሲከፍተው ውስጡ አልጋ አለ፣ ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ አለ፣ የታጠፈ ጠረጴዛ አለ። እዚያ ካምፐር ይሉታል፤ ሰዎች ለሽርሽር ባሕር ለባሕር የሚዞሩበት ነው። «ጥሩ ነው፤ ቤትህስ የት ነው?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «ይኸው ነው» አለኝ።

አባባ፣ ስዩም የሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ እንደነበረ ያውቃሉ። በሽታው ሲመጣ ሆቴሉ ተዘጋ፤ የሠራተኞቹ መኝታም አብሮ ተዘጋ። ያንን መኪና አገሩ ከሚገባ የሥራ ባልደረባው ገዝቶ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በውስጡ ሲኖር ነበር። ሆቴሎች ሲከፈቱ አንዱ ጋ ሁለት ወር፣ ሌላው ጋ ሦስት ወር ይሠራል፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ሥራ አጥቶ አይደለም። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶት ነው።

የመኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተቆጣሁ። «አሥር ቀን ብቻ ነው ያለኝ። እዚህ ቆመን አንላቀስም፤ ቁልፉን ስጠኝ» አልኩት። «አንቺ ትነጃለሽ?» አለ። «የማን ልጅ ነኝ?» አልኩት።

መሪው እንደ ጆሃንስበርግ በቀኝ ነው፤ መንገዱም በግራ። እንግዲህ መንገዱን ልንገርዎት፣ ለሹፌር የሚነገር ነውና። እስከ ምዕራቡ ጫፍ አስፋልቱ እንደ ምንጣፍ ነው። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ግን ይጠብና አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ይሆናል፤ መሐሉ ላይ ሣር በቅሎበታል። ግራና ቀኙ ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ ካብ ነው፤ መስታወቱን ሊልሰው ምንም አይቀረው። ከፊት መኪና ሲመጣ አንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠብቃል፤ ያለፈውም ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን አንሥቶ ያመሰግናል። ጀርባቸው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ በጎች መንገድ ላይ ተኝተው ጥሩንባ ቢነፋላቸው አይነሱም። በቀን አምስት ጊዜ ዘንቦ አምስት ጊዜ ፀሐይ ይወጣል። እርስዎ የአሰብን ባሕር «ሞቃትና ጨዋ ነው» ይሉን ነበር። ይሄኛው ቁጡ ነው፤ ገደሉን እየመታ መሬቱ ከእግር ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማል።

ሦስት ቀን እንዲህ ተጓዝን። ስዩም ምግብ ያበስላል፣ መንገድ ያሳየኛል፣ ስለ እርስዎና ስለ እማዬ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። እኔም አልደፈርኩም።

በአራተኛው ቀን ባሕሩ ሲሸሽ በአሸዋው ላይ በመኪና የሚገባባት አንዲት ትንሽ ደሴት ደረስን። ስዩም «ቶሎ እንመለስ፣ ውኃው ሰዓት አለው» ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ፎቶ ላንሳ፣ ዛጎል ልልቀም ስል ያዘገየሁት። ስንመለስ መሐል ላይ የኋላ ጎማው ሰጠመ። ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ይበልጥ ይቀበራል። ቀና ብል ውኃው በሁለቱም በኩል እየመጣ ነው፤ ማዕበል የለው፣ ድምፅ የለው፣ ዝም ብሎ ይሰፋል እንጂ።

ስዩም ወርዶ አየውና አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። «ተይው። ይውሰደው። ለኔ የሚተርፍ ነገር የለም» አለ። አነጋገሩ ከውኃው ይልቅ አስፈራኝ። አባባ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «አባባ ዳናክል አሸዋ ውስጥ ኤንትሬ መኪናውን ከነተሳቢው ጥሎ መጥቶ ያውቃል ወይ? አብረኸው አልነበርክም? ተነሣ!» አልኩት። በንዴት ነው «ጥሎ» ያልኩዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አየኝ፤ ከዚያ ተነሣ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እስከ አሰብ ይዘውት ሄደው አልነበር? ያኔ ያየውን አልረሳም። ተንበርክኮ፣ አሸዋው እንዲሸከማቸው፣ በቁልፍ ጫፍ አራቱንም ጎማዎች በከፊል አስተነፈሰ። በመጥበሻ አሸዋውን እየዛቀ የጎማውን ፊት ጠረገ። እኔ የወለሉን ምንጣፍና የራሴን ካፖርት ከጎማው ሥር አነጠፍኩ። «ሁለተኛ ማርሽ አስገቢ። ነዳጅ እንዳትረግጪ። እንቁላል ላይ እንደምትሄጂ ሂጂ» አለኝ። ይህ የእርስዎ ቃል ነው፤ እሱ ሲናገረው ድምፁ ሁሉ እርስዎን መሰለ። እሱ ከኋላ ገፋ፣ መኪናው አቃሰተ፣ ወጣ። ደረቁ መሬት ስንደርስ ውኃው የጎማውን ግማሽ ይዞ ነበር። ስዩም ጉልበቱ ድረስ ርሶ፣ ባዶ እግሩን፣ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎም አለቀሰ። ካፖርቴን ባሕር ወሰደው፤ ይውሰደው።

ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሜን ሄድን። በሰባተኛው ቀን ብሪጂት የሚባሉ ባሕር ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ቤት ወሰደኝ። ሎክዳውን የሚሉት እገዳ በነበረ ጊዜ መኪናውን ግቢያቸው ጥግ አስቁመው ያኖሩት እሳቸው ናቸው። ስዩም እንጨት ሊፈልጥላቸው ሲወጣ እጄን ይዘው የነገሩኝን አልረሳውም።

እማዬ ስታርፍ ማንም ከሚኖርበት አምስት ኪሎ ሜትር እንዳይርቅ ተከልክሎ ነበር። ስዩም ደብሊን ሄዶ ፍትሐት ማስፈታት አልቻለም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ዝግ ነው። በአርባዋ ቀን በዚያች ምድጃ ከማለዳ ጀምሮ ምስርና ሽሮ ሠራ፣ ዳቦ ጋገረ። ብሪጂትን፣ አንድ ዓሣ አጥማጅንና ፖስታ አመላላሹን ጠራ። ሳህኖቹን በድንጋይ ካቡ ላይ አራርቆ ደረደረና እሱ ወደ ኋላ ራቀ። እያንዳንዳቸው መጥተው ሳህናቸውን አንሥተው ተራርቀው ቆመው በሉ። ብሪጂት በቋንቋቸው ጸሎት አደረሱ። «ወንድምሽ የእናቱን ስም ጮክ ብሎ ጠራና ምግቡን እስክንጨርስ አጎንብሶ ቆመ። እሱ ራሱ አልቀመሰም» አሉኝ። አባባ፣ «ለእናቱ አንድ ሻማ ያላበራ» ያሉት ልጅ ይህ ነው።

በዚያ ቀን ስዩምን አስቀምጬ ጠየቅሁት፤ እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ ያሉትንም ነገረኝ። «እናትህን በወረቀት አስረህ ገደልካት። ከእንግዲህ ልጄ አይደለህም።» እማዬ ስዩም የጀመረላትን የአየርላንድ ቪዛ እጠብቃለሁ እያለች አዲስ አበባ የልብ ኦፕራሲዮኗን ሳታደርግ ስለቀረች ነው እንዲህ ያሉት። እሱም አምኖታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴን የገደልኩ እኔ ነኝ ብሎ ነው ከከተማ ከተማ የሚንከራተተው።

አሁን ልብ ብለው ይስሙኝ። እማዬ ቪዛ አልጠበቀችም። ከማረፏ ሦስት ወር በፊት፣ ጥር ላይ፣ ስደውልላት እንዲህ አለችኝ፦ «እዚያም ሆነ እዚህ ደረቴ ላይ ቢላዋ አያርፍም። ወስኛለሁ። ይህን ለአባትሽ ብነግረው እግዜርንም እኔንም ይጣላል፤ የስዩምን ወረቀት እየጠበቅሁ ነው እለዋለሁ። አንቺ አፍሽን ያዢ፤ በማርያም ይዤሻለሁ።» ለመንኳት፣ አለቀስኩ፣ አልሰማችም። እልኳን እርስዎ ያውቁታል።

እሷ በሕይወት ሳለች አፌን የያዝኩት ለእሷ ብዬ ነው። ካረፈች በኋላ ግን ለእሷ ብዬ አልነበረም። ቁጣዎ ስዩም ላይ ሲያርፍ ወደ እኔ እንዳይዞር ፈርቼ ዝም አልኩ። ወንድሜን አሳልፌ ሰጠሁት።

ይህንን ለስዩም ስነግረው አልጮኸም። «ሁለት ዓመት ዝም አልሽኝ?» ብሎ ብቻ በዝናብ ወጥቶ ሄደ። ከተመለሰም በኋላ አንድ ቀን ሙሉ አላናገረኝም፤ እኔ እየነዳሁ እሱ በመስኮት እያየ ሄድን። መሬቱ አልቆ ባሕር ብቻ የሚቀርበት የመጨረሻው የሰሜን ጫፍ ላይ ቆመን ሳለ ነው የተናገረው። «ለአባባ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ። ከነገርሻቸው በኋላ እሄዳለሁ» አለ። እሺ አልኩት። ይኸው ነገርኩዎት።

ስዩም አሁን ብሪጂት ጎረቤት ባለ ሆቴል ቋሚ ሥራ ይዟል፤ ክፍልም ተከራይቷል። ቲኬቱን ቆርጧል። ጥቅምት አምስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ናዝሬት ይገባል። መጀመሪያ የሚሄደው እማዬ መቃብር ነው፤ ከዚያ ወደ ቤት። «ቢዘጉብኝስ?» ሲለኝ «አንኳኳ፤ ካልከፈቱም በረንዳው ላይ ተቀመጥ» ብዬዋለሁ። ይቀመጣል፤ የእማዬን እልክ የወረሰው እሱ ነው። ለመቅጣት መብት አለዎት። ነገር ግን የሚቀጡት ሰው እሱ አይደለም።

ማራኪዬ፣ ይህን ያነበብሽበት ጉሮሮሽ ይባረክ። ለባልሽና ለመንትዮቹ ጉንጫቸውን ስሜያለሁ በዪልኝ። ለእትዬ ካሳነሽ፣ በእማዬ ለቅሶ ጊዜ ሰው በተፈራበት ቀን ቤታችን ያደሩበትን ውለታ አልረሳሁም፣ እግራቸውን ስሚልኝ። ጥላሁን ጉልበትዎን ይስማል። ፌቨንም «ለአባባ ሰላምታ» ብላ ስሟን በአማርኛ ከታች ጽፋለች፤ ጠማማ ቢሆንም ራሷ ናት የጻፈችው።

እኔ ደግሞ ለገና መጥቼ ከፊትዎ እቆማለሁ፤ ድንጋይም ቢያሸክሙኝ እሸከማለሁ። ለስዩም ግን በሩን ይክፈቱለት።

ልጅዎ የአለምወርቅ ሠረቀብርሃን
ፌቨን

ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን
መስከረም ፲፭ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.