የድርና ማግ ክለብ ዕጣ

መርካቶ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የቡታጅራ ክረምት እንዴት ይዞዎታል? የጉልበትዎ ሕመም በብርድ እንደሚብስ ስለማውቅ ሐሳብ ገብቶኛል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤትዎ እትዬ ራዲያና ልጆቹም ደህና ናቸው። ለአረፋ አገር ቤት ወርደው እዚያው የቀሩት በሥራ ምክንያት ነው ተብሎ ስለተነገራቸው፣ ልጆቹ አባታችን መቼ ይመጣል ከማለት በቀር ሌላ አይጠይቁም።

የምጽፍልዎ ስልክ ስለማያነሱ ነው። ይህን የሚያደርስልዎ አይሱዙ የሚነዳው ፈርሀት ነው። ማን ቤት እንዳረፉ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።

ጤናዎን ከጠየቅኩ ዘንድ እንግዲህ የሆዴን ልናገር። ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ሰውን አንቱ እያሉ መቆጣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አሁን ነው የገባኝ፤ አንተ ብልዎ ደግሞ እናቴ ትረግመኛለች።

ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ። የእግር ኳስ ክለባችን ድርና ማግ፣ እርስዎ እስኪረከቡት ድረስ ባለቤቱ እኛ ነበርን፣ የጨርቅ ተራው ነጋዴ በሙሉ። በእሁድ ዕቁባችን ውስጥ ክለቡ እንደ አንድ ሰው ተቆጥሮ ይገባ ነበር። የእሱን ድርሻ ሱቆቹ እየተቀባበሉ ይጥሉለታል፤ አንዱን ሳምንት አቡጀዲ ሻጮቹ፣ ሌላውን ሳምንት እኛ የክርና የአዝራር ነጋዴዎች። ዕጣው ሲወጣለት ቤቱ በጭብጨባ ይሞላል። በዚያ ገንዘብ የውድድር ምዝገባ ይከፈላል፣ ጫማ ይገዛል፣ የግብ ጠባቂያችን የአዩብ የቤት ኪራይ ይሸፈናል። ዋንጫ አልበላንም። ግን አንድም ተጫዋች ጦሙን አላደረም፣ እኛም ከአቅማችን በላይ አልተንጠራራንም።

እርስዎ መጡና ሳቁብን። ክለብ በዕቁብ ይተዳደራል እንዴ፣ ይሄ የሠርግ ድግስ መሰላችሁ ወይ ብለው ሽማግሌዎቹን አሳፈሯቸው። የመጀመሪያ ሱቅዎን በዚያው ዕቁብ ብር መክፈትዎን ያነሳብዎት ሰው አልነበረም። ከዛሬ ጀምሮ ቡድኑ በእኔ ጫንቃ ላይ ነው አሉ። ያኔ እኔ የቡድን መሪ ነበርኩና ከአጠገብዎ ቆሜ ነበር። አጎቴ ናቸው እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ለስንቱ እንደተናገርኩ ምን ልበልዎ!

የዕቁባችን ዳኛ ጋሼ ወልደ ሚካኤል ተነስተው መረቁዎት። የእኛዎቹም ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉ፤ አሚን አልን። ወረቀት የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። መርቀው የሰጡትን ሰው ፈርምልን ማለት ምርቃቱን መጠራጠር ነውና፣ ማን ደፍሮ ይበል? እርስዎ ግን ወረቀቱን አልረሱትም። በሳምንቱ ክለቡን በራስዎ ድርጅት ስም አስመዘገቡት።

የመጀመሪያው ዓመት ጣፋጭ ነበር፤ ይህን አልክድም። የፊርማ ገንዘብ እየከፈሉ ከየክልሉ ተጫዋች አመጡ። ወደ ከፍተኛ ሊግ ያለፍን ቀን ከሲኒማ ራስ ጀምሮ ጥሩምባ እየተነፋልን ነው የገባነው። የጫማ ማከፋፈያዎ ስም በልጆቹ ደረት ላይ፣ የእርስዎ ፎቶ በየሱቁ መስታወት ላይ። አዩብን ግን ለዚህ ሊግ አይመጥንም ብለው ቴሴራውን፣ የተጫዋችነት መታወቂያውን፣ ቀሙት። እኛም ባለሀብት እያለን ይሄ ምን ያደርጋል ብለን በዕቁቡ ውስጥ የነበረውን የክለቡን ቦታ ዘጋነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ የጫማው ኮንቴይነር ወደብ ላይ ቀረና ደሞዝም አብሮ ቀረ። ክለብ የአንድ ሰው ከሆነ ሰውየው ሲያስነጥስ ክለቡ አልጋ ይይዛል። ልጆቹ የሚያድሩት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ እትዬ በለጥሻቸው ግቢ አልነበር? ኪራዩ ሲቋረጥ እትዬ በለጥሻቸው ልጆቹን አላስወጡም። እኔን ጠርተው፣ አጎትህ እነዚህን የሰው ልጆች የት ሊጥላቸው ነው ያመጣቸው ብለው ጠየቁኝ። ነገ ይከፍላሉ አልኳቸው። ለተጫዋቾቹም ነገ፣ ለምግብ ቤቱም ነገ እያልኩ ከረምኩ። በመጨረሻ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው አንድ በአንድ ወደየአገራቸው ሲሄዱ አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። የእርስዎ ስልክ ዝግ ነበር።

ይሄም ይለፍ እንበል። የሊግ ቦታችንን ለአንድ የክልል ከተማ አሳልፈው መስጠትዎን የሰማሁት ግን ከሬዲዮ ነው። እርስዎ የእህትዎን ልጅ ጠርተው መንገር አቃተዎት? የዚያ ከተማ ቡድን ደሞዝ የሚከፈለው ከማዘጋጃ ቤቱ በጀት ነው አሉ። ከንቲባው እስኪቀየር ድረስ ይከፈላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የእነሱንም ልጆች አንድ ሰው አውቶቡስ ተራ ይሸኛቸዋል። ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ አለቀስኩ። ሰው ቢያየኝ ጥርሴን አሞኝ ነው ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር።

ዘንድሮ ከታች እንጀምር ተባለ። ክለቡ እንደገና ዕቁቡ ውስጥ ገባ፤ የመጀመሪያው ዕጣም ያለ ክርክር ለእሱ እንዲሰጥ ሁሉም ተስማማ። ከክፍለ ከተማ ውድድር ተነስተን በገዛ እግራችን ልንወጣ ነው። እርስዎ ያሰናበቱት አዩብ እንኳ ቂሙን ትቶ፣ የሹራብ ሱቁን ለሚስቱ አስረክቦ፣ ያለ ደሞዝ ላሠልጥን ብሎ መጣ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለን። ስሙ በእርስዎ ድርጅት ስለተያዘ፣ እርስዎ መልቀቂያ ካልፈረሙ ድርና ማግ ብለን መመዝገብ አንችልም። ሌላ ስም ፈልጉ ተብለናል። ይህን ስም ያወጣው አባቴ ነው፣ አላህ ይማረውና። ንብረት ያለው ሰው አልነበረም፤ ትቶልን የሄደው ይህን ስም ነው።

ባለፈው እሁድ ዕጣውን ለክለቡ ልናስረክብ ተሰብስበን ሳለ እትዬ ራዲያ ጋሼ ወልደ ሚካኤል ቤት ገቡ። ሻርባቸውን አስተካክለው ተቀመጡና እውነቱን ነገሩን፤ እርስዎ የጻፉት ቼክ ደረቅ ሆኖ መገኘቱን፣ ቼኩን የተቀበሉት ሰዎች መክሰሳቸውን፣ እርስዎም እስር ፈርተው መቅረትዎን። አላለቀሱም፣ ስጡኝም አላሉም። ያን ተናግረው ወጡ።

 እሳቸው እንደወጡ ጋሼ ወልደ ሚካኤል፣ የክለቡ ዕጣ ለሰውየው ይሁን አሉ። ጆሮዬን አላመንኩትም። ብድግ ብዬ፣ ክለቡን የቀበረውን ሰው በክለቡ ዕጣ ልናወጣው ነው ወይ ብዬ ጮህኩ። በሽማግሌ መሐል እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ልጄ፣ ክለብ ዕጣው ቢዘገይበት አይታሰርም፣ ሰው ግን ይታሰራል አሉኝ። አጎትህ ከእኛ ጋር ስንት ዘመን የጣለ ሰው ነው ብለውም ጨመሩ። ተቀመጥኩ። ይኸው እስካሁን የምንጨረጨረው በዚያ ቃል ነው።

ስለዚህ ዘንድሮም ቡድን የለንም። አዩብ ሲነገረው እሺ ብሎ ወደ ሹራቡ ተመለሰ። እሺ ያለበት አኳኋን ቢሰድበኝ ይሻል ነበር ያሰኛል።

ሽማግሌዎቹ በእርስዎ ላይ ምንም ግዴታ አልጣሉም፤ የምጥለው እኔ ነኝ። መልቀቂያውን ፈርመው በፈርሀት እጅ ይላኩልኝ። ለከርሞ በአባቴ ስም እንመዝገብ። ከእንግዲህ ባለሀብት ቢመጣ ፎቶውን እንሰቅልለታለን፣ ብሩንም እንቀበላለን፤ ክለቡ ግን ከዕቁቡ አይወጣም። ካልፈረሙም ዕጣው አይከለከልዎትም። ብቻ ያኔ ደብዳቤም አልጽፍልዎም።

እንደሚያውቁት ዕጣ የሚወስድ ሰው ዋስ ያቆማል። ለእርስዎ ዋስ የሚሆን ማነው ተብሎ ተጠየቀ። ፎቶዎን መስታወታቸው ላይ ለጥፈው የነበሩት ሁሉ ኮርኒስ ኮርኒሱን አዩ። የዕቁብ ዳኛ ዋስ መሆን ስለማይችል ጋሼ ወልደ ሚካኤልም አንገታቸውን ደፉ። ለረጅም ጊዜ የተነሣ እጅ አልነበረም። በኋላ ግን ዋስ ተገኝቷል፤ ፈርሟልም። ማን እንደሆነ አይመራመሩ። ዕዳዎን ከፍለው ሲመለሱ በየእሁዱ ድርሻዎን ሳያጓድሉ መጣል ብቻ ነው የእርስዎ ሥራ። አንድ እሁድ ቢያጓድሉ የሰው ሱቅ ነው የሚዘጋው።

እናቴን ለወንድምሽ ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት ሰላምታ አልላከችም። ይቅር ይበሏት፤ ከእሁድ ወዲህ እኔንም አታናግረኝም። ትናንት ብቻ ራቴን አቅርባ ስታበቃ፣ አባትህ ቢኖር እጅህን ይዞ ያስቀምጥህ ነበር ብላኝ ወጣች።

አላህ ከዚህ ጭንቅ ያውጣዎት፤ ከልጆችዎ ጋር በሰላም ያገናኝዎት፤ ለተቸገረው ንግድዎም በረካ ይስጠው። ሶላት ላይ ሲቆሙ ለእኔ ሱቅም ዱዓ ያድርጉልኝ።

የእህትዎ ልጅ