የሃፍቶም ፋኖስ ያዥ

ኅዳር ፫፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

መብራት የለም። የመበየጃ ካውያው አይሞቅም። የደንበኛ ስልኮች ተከምረዋል። ስለዚህ የጨዋታውን ትንንሽ የፕላስቲክ ምስሎች እየቀባሁ ነው፤ የዘንዶውን ክንፍ በወረንጦ ይዤ፣ በእህቴ የጥፍር ቀለም።

አደይ ለተብርሃን፣ የሃፍቶም እናት፣ ጠዋት መጥተው ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ባለ መጥረቢያውን አወጡ። ቃላሚኖ ሰፈር፣ ዘመድ ቤት፣ አንድ ጥርስ የሚያበቅል ሕፃን ሲያኝከው አይተው በብስኩት ለውጠው ወሰዱበት። ራስ ቁሩ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። እንደ ቁስል አስመስዬ ልቀባው ነው። ሳቅን።

ማስታወሻዬ፣ ይህን ሁሉ ታውቃለህ፤ ዛሬ ግን መድገም አማረኝ። ጨዋታው የልጃቸው የሃፍቶም ነው። መጀመሪያ ጌም ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን ነበር የምንጫወተው፤ «የአመድ ግንብ»። ኋላ የአክስቱ ልጅ ከውጭ የጠረጴዛ ላይ ጨዋታውን ላከለት፦ ያው ታሪክ፣ ሰሌዳ፣ ዳይስ፣ አውራ ጣት የሚያህሉ የፕላስቲክ ጀግኖችና ጭራቆች። እሱና እኔ የዳይሱ ነጥብ እስኪጠፋ ተጫወትንበት። ጦርነቱ መጣ። እሱ ግንባር ሄደ። ቤታቸው ተሰበረ፣ ካርቶኑ ተቀደደ፣ ምስሎቹ በየሰፈሩ ተበተኑ። እሱም አልተመለሰ። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም።

ሰላም ሲሆን አደይ ሁለቱን ከቦይ ውስጥ አግኝተው አጥበው ሮማናት አደባባይ ያለው ሱቄ ድረስ አመጡልኝ። እስኪመጣ እንሰብስብለት አሉ። ከዚያ ወዲህ እንሰበስባለን፤ እኔ የወሎው ስልክ ጠጋኝና እሳቸው የመቐለዋ እናት።

ዛሬ ሲወጡ «የቀረው የእሱ ብቻ ነው» አሉኝ። ፋኖስ ያዡን ምስል ማለታቸው ነው። ሃፍቶም ከእሱ በቀር በሌላ አይጫወትም ነበር። ሲሄድ ኪሱ ከተተው። «እሱን ራሱ ይዞት ይመጣል።»

ብሩሹን ቀለም ነከርኩ።

ኅዳር ፭፣ አርብ

ጁምዓ ሰግጄ ተመለስኩ። አንድ ባጃጅ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። ሹፌሩ ያነክሳል። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዟል፤ ግን አልሰጠኝም። ምስሎቹን እያየ ነው። የማን ናቸው? አለኝ በትግርኛ። የጓደኛዬ አልኩት። ስሙስ? ነገርኩት።

በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

ፋኖስ ያዡ። ግራ ክንዱ ጠማማ፤ ማጣበቂያው የኔ ነው። መቆሚያው ሥር በምስማር የተጫረች «ሃ»። ዐይኔ ሳያምን እጄ አወቀው።

ሹፌሩ ተስፋይ ይባላል። ከሃፍቶም ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ንጉሡ ይሄ ነበር። ተስፋይ ያሸነፈ ቀን ንጉሡ እሱ ኪስ ያድራል። እንዲህ እሱ ኪስ ባደረ ማግስት ሃፍቶምን ፍንጣሪ ሆዱ ላይ መታው። እስከ ቀትር ቆየ። ውሃ ለመነ፣ ውሃ አልነበረም።

«ዐይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ» አለኝ ተስፋይ። «ዳዕሮ ዛፍ ሥር ቀበርነው። ቦታውን አውቀዋለሁ።»

ቤተሰቡን ፈልጎ ነበር። የሚያውቀው ሃፍቶም፣ መቐለ፤ በቃ። ሃፍቶም በመቐለ ስንት አለ!

ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶኝ ሄደ። መስታወቱን አላሠራም። ሁለታችንም ረሳነው።

ስብስቡ ተሟላ። ይህን ቃል ለመጻፍ ምን ያህል ጓጉቼ ነበር። አሁን ጻፍኩት፤ ለአደይ እንዴት እለዋለሁ?

ኅዳር ፮፣ ቅዳሜ

ገበያ ቀን። አደይ እንደሚመጡ አውቃለሁ። ሱቁን ልዝጋው? ብዘጋው ቤቴ ይመጣሉ። ከፈትኩ። ፋኖስ ያዡን መሳቢያ ውስጥ፣ ከተቃጠሉ ባትሪዎች ሥር ከተትኩት።

መጡ። ዘንቢላቸውን በጉልበቴ በኩል አስቀመጡ፤ ከመሳቢያው ስንዝር አይርቅም። ፊቴን አዩ።

«ከድር ወደይ፣ ልጄ፣ ታመምክ እንዴ?»

ጨጓራ ነው አልኩ። ተልባ ጠጣ አሉ። ከዚያ ተነሥተው የምስሎቹን መደርደሪያ ያስተካክሉ ጀመር። ዘንዶውን ወደ ዳር፣ ባለ መጥረቢያውን ወደ ኋላ። መሐል ላይ ባዶ ቦታ ተዉ። በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉት። የፋኖስ ያዡ ቦታ ነው።

ደንበኛ ገብቶ ቻርጀር ጠየቀኝ። ቻርጀር መሳቢያው ውስጥ ነው። የለም አልኩ።

ኅዳር ፰፣ ሰኞ

ለብቻዬ አልቻልኩም። የአደይን ወንድም፣ ቄሱን ቀሺ ገብረአብን ፈልጌ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ አስጠራኋቸው። ምስሉን አሳየኋቸው፣ የተስፋይን ቃል ነገርኳቸው። መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት። ማልቀስ ያለባቸው መሰለኝ። አላለቀሱም። ሌላ ማን ያውቃል? ብቻ አሉ።

መርዶ ሥርዐት አለው አሉኝ። ንጋት ላይ፣ ዘመድ ተሰብስቦ። አንድ ሰው ብቻውን አይሄድም። ደግሞ አንተ አልሰማህም እንጂ፣ ለተብርሃን ካሁን በፊትም በወሬ ብቻ ሊነገራት ተሞክሮ የመጡትን አባርራለች፤ በዐይኑ ያየ ሰው ካልመጣ አልቀበልም ብላለች። ያ ልጅ መምጣት አለበት። ለሚቀጥለው ሰኞ ቀጠሩ።

ተስፋይ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። እንደገና። ዝግ።

ኅዳር ፲፣ ረቡዕ

አሁንም ዝግ። ቤንዚን ጠፍቷል። ወሬው መጥፎ ነው፣ ጦርነት ሊመለስ ነው ይባላል፤ ሰው ዱቄት ይሸምታል፣ ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዝቅ ብሏል። እናቴ ከደሴ ደውላ ና ትለኛለች። ነገ እነግርሻለሁ አልኳት፤ ትናንትም እንዲሁ ብያታለሁ።

ሱቅ ዘግቼ ወደ ሓወልቲ ሰፈር ወጣሁ። የቤንዚን ሰልፍ። ከባጃጅ ባጃጅ አንገቴን እያስገባሁ አየሁ። ተስፋይን አገኘሁት፤ መሪው ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። ስልኩ ጭራሹን ሞቷል። ቀሰቀስኩት። የሰኞውን የመርዶ ቀጠሮ ነገርኩት።

አልሄድም አለ።

ለመንኩት። ተቆጣሁት። ከኋላ ያሉት ሹፌሮች አንገታቸውን አወጡ።

«አንተስ እንዴት ተረፍክ ቢሉኝ? ምን እላለሁ?» አለኝ።

እኔ ስለ አደይ ነገርኩት። ቦዩን። ብስኩቱን። መደርደሪያው ላይ የጠረጉትን ቦታ። ፊቱን ወደ መንገዱ ዳር አጥር አዞረ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ወርዶ ባጃጁን መግፋት ጀመረ። በታመመው እግሩ። አብሬው ገፋሁ። የሰልፉ ጫፍ ስንደርስ፣ ሳያየኝ፣ ንጋት ላይ በስንት ሰዓት ነው? አለ።

ኅዳር ፲፪፣ አርብ

ደወሉ። አደይ።

ከወትሮው የተለየ ነገር አላሉም። ሱቅ ነህ? ነኝ።  ሰኞ ልምጣ? አሉ።

«ሰኞ አይምጡ፣ እኔ እመጣለሁ» አልኩ።

ከአፌ አመለጠ። ቤታቸው ሄጄ አላውቅም እኮ! ሁልጊዜ የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

እሺ አሉና ዘጉት። ሳይመርቁኝ ዘግተው አያውቁም።

ወደ ቀሺ ሮጥኩ። የሚካኤል በዓል ነው፤ ቀሺን ያገኘኋቸው ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ነበር። ያመለጠኝን ስነግራቸው ተቆጡኝ፤ እውነታቸውን ነው። ከዚያ፣ አሁን ጠርጥራለች፣ እስከ ሰኞ እንዴት ትቆያለች? አሉ። ነገ ንጋት ይሁን። ለዘመድ እኔ እናገራለሁ። አንተ ልጁን አምጣ፣ እኔ ሳልደርስ እንዳትገቡ። አሻንጉሊቱን ተወው፤ መርዶ በዕቃ አይነገርም፣ ሰው በቃል ነው የሚረዳው።

እሺ አልኩ። መንገድ ላይ ሳስበው ግን እሺታዬ ከዳኝ። እኚህ ሴት ለዚህ ፕላስቲክ ስንት ቤት አንኳኩ። እኔ ልደብቅባቸው? ከመሳቢያው አወጣሁት። በደረት ኪሴ ነው።

ለተስፋይ የራሴን አሮጌ ስልክ ሰጠሁት፤ እንዳይጠፋብኝ። ደወልኩለት፣ አነሣ። ደግሜ ደወልኩ፣ አነሣ። በሦስተኛው ሰደበኝ።

ኅዳር ፲፫፣ ቅዳሜ፣ ንጋት

ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ዝም ብዬ መጠበቅ አልቻልኩም። ከአደይ በር ትንሽ ራቅ ብለን ቆመናል። ብርድ። ተስፋይ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ አንገቱ ድረስ ቆልፎታል። ስለ እግሬ ከጠየቁኝ ልዋሽ? አለኝ። አትዋሽ አልኩት።

ቀሺ አልደረሱም። ዘመዶቹም የሉም። አደይ እንቅልፍ ላይ ይሆናሉ ብለን ነበር።

መብራታቸው በርቷል። ስንመጣም በርቶ ነበር።

ለተስፋይ ፋኖስ ያዡን አሳየሁት። አንተ ያዘው አለኝ። አይ፣ አንተ። ተገፋፋን። እኔ ጋ ቀረ።

በሩ ተከፈተ።

አደይ ወጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማን ነገራቸው? ማንም። አይጮሁም። ባጃጁን ያያሉ፣ ተስፋይን ያያሉ፣ ሸሚዙን። አሁን እኔን።

ቀሺን ጠብቁ ተብለናል። መንገዱ ላይ ማንም አይታይም። አደይ በባዶ እግራቸው ናቸው፣ ወደ እኛ አንድ እርምጃ ተራምደው ቆሙ።

ተስፋይ ሞተሩን አጠፋ።

አልጠብቅም። እወርዳለሁ።