የአኳሪየሙ ጀርባ

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ዝናብ። ከሥራ በጊዜ ገባሁ።

ወንድሜ ወልደአማኑኤል ከጅማ አኳሪየም፣ ያን የመስታወት ዓሣ ቤት፣ ጭኖ መጥቷል። በፍራሽ ተጠቅልሎ! እናታችን ታማ ጅማ ስትሄድ እንኳ እንደዚህ ተጠንቅቀን አልወሰድናትም።

የት ይቀመጥ? ቦታ የጠፋ ይመስል የሳሎኑ መስኮት ላይ ተለጥፎ። እዚያ የነበረው የሚስቱ የውድነሽ ስፌት መኪናስ? "ወደ ጥጉ ገፋ አድርጉት" አለ። ገፋ አደረግነው። ቤታችን ውስጥ ያለው ደህና ብርሃን ያ መስኮት ብቻ ነው። መብራት እንደሆነ እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ ነው የሚሄደው። በረንዳው ደግሞ በእሱ ቡና ጆንያ ጢም ብሏል።

ለምን አኳሪየም? ዓባይነህ ስላለው ነዋ። ዓባይነህ እንደ ወንድሜ ቡና ነጋዴ ነው፣ የሚኖረው ቴፒ። ሰውየው ነገ ጥርሱን ቢያስነቅል ወንድሜ ደህናውን ጥርሱን ይዞ ሐኪም ቤት ይሮጣል።

መጋቢት 9

ዓሦቹ ገቡ። ብርቱካንማ፣ ሆዳም፣ አፋቸውን እየከፈቱ ምንም የማይናገሩ። ጌታቸውን ይመስላሉ ልል ነበር... ግን እሱ ይናገራል።

ከጌጫ ማር ይዘው የመጡ አንድ አባት ቆመው ብዙ አዩ።

"ልጄ፣ እነዚህ መቼ ነው የሚደርሱት?"

"ለምኑ አባባ?"

"ለመበላቱ ነዋ።"

"አይበሉም። ለማየት ነው።"

"አሃ..." አሉ። እንዲህ ያለ "አሃ" ሰምቼ አላውቅም። ወንድሜን ከነቤቱ ጠቀለለው።

ውድነሽ ጥሩ ሥራ አገኘች። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ለትንሣኤ አዲስ ልብስ አዘዋታል። የሴቶቹ ወይን ጠጅ፣ የወንዶቹ ቡኒ። ካማረ የሌሎቹም አጥቢያዎች ይመጣሉ አለችኝ። ስትነግረኝ ጨርቁን እንደ ሕፃን ታቅፋው ነበር።

መጋቢት 13፣ እሑድ

ዓባይነህ ከቴፒ መጣ። ወንድሜ ከጠዋት ጀምሮ መስታወት ሲወለውል ነበር። የገዛ መኪናውን እንኳ እንደዚያ አያጥበውም።

ዓባይነህ ጎንበስ ብሎ አየ። ዓሦቹን አይደለም... በዓሦቹ አልፎ፣ በመስኮቱ አልፎ፣ የጎረቤታችንን የአስካለችን ልብስ ማስጫ። የሴትየዋ የውስጥ ልብስ ሳይቀር ተንጠልጥሏል።

"ወልዴ፣ ዓሣ ነው የምታሳየኝ ወይስ የአስካለችን ሙታንታ?"

ሁላችንም ሳቅን። ውድነሽ እንኳ። ወንድሜ ብቻ በማይሳቅበት ነገር እንደተሳቀበት ሰው ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰቀለ።

"የኋላው መስታወት መሸፈን አለበት" አለ ዓባይነህ እየተቀመጠ። "የኔን አላየህም? ጥቁር ነው። ዓሣው ያበራል። ደግሞ ፀሐይ ከገባበት ውኃህ አረንጓዴ ይሆንብሃል።"

አለቀ። ዓባይነህ ተናገረ።

መጋቢት 15

የቡና ችግኝ የሚፈላበትን ጥቁር ላስቲክ ቀዶ በፕላስተር ለጠፈው። ምሳ ላይ ወደቀ። እንደገና ለጠፈው። ወደቀ። በዚህ እርጥበት እኛም ግድግዳ ላይ ብንለጠፍ እንወድቃለን። ሰው ሚዛን ከተማ ተወልዶ ይኼን አያውቅም?

መጋቢት 17

ቀለም። ያውም ጆንያ ላይ ምልክት የሚጻፍበትን የመጋዘኑን ጥቁር ቀለም! በመስኮቱ በኩል እጁን አሾልኮ የኋላውን መስታወት ቀባው። ከዚያ ወደ ፊት መጥቶ አየ። የብሩሹ መስመር ሁሉ ፍንትው ብሎ ይታያል... የታረሰ ማሳ። እንደገና ቀባ። መጥቶ አየ። ያው ነው። እንደገና ቀባ።

"ወልዴ፣ ከፊት የሚታየው እኮ መጀመሪያ የቀባኸው ነው" አልኩት። "ከኋላ ብትደራርብ ምን ይለወጣል?"

"አንቺ ደግሞ ቀለም ቀቢ ሆንሽ?"

ቀባ።

መጋቢት 20

ቀለሙ አልደረቀም። በዝናብ ምን ይደርቃል? ሽሮው ቀለም ቀለም ይላል። ልብሴ፣ ፀጉሬ፣ ትራሴ...

ከላይ የቀረችውን የመስኮት ክፍተት ደግሞ በካርቶን ዘጋት። ፀሐይ እንዳይገባ። ዓሦቹ እውነትም ያበራሉ። እኛ ግን ሳሎን ስንገባ በዳበሳ ነው። ውድነሽ በስልኳ ባትሪ ትሰፋለች። ስልኩን በጥርሷ ይዛ።

መጋቢት 23

የመዘምራኑ ኃላፊ ቲጂ ልትለካ መጣች። መብራት የለም። ለበሰችና ለማየት ወደ ደጅ ወጣች። ከደጅ ድምፅዋን ሰማን።

"እህት ውድነሽ! ይኼ ምንድነው?"

ወጣን። አንዱ እጅጌ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ቡኒ። ጨለማ ውስጥ ሁለቱም አንድ ናቸውና የወንዶቹን እጅጌ የሴቶቹ ላይ ገጥማዋለች። አንድ ብቻ አይደለም... ከተሰፉት ብዙዎቹ።

"በአንድ እጄ ወንድ ልሁን?" ቲጂ እየሳቀች ነው፣ ግን ስቃ ስትጨርስ፣ "እህቴ፣ ለትንሣኤ ካልደረሰ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው። እኔንም ይጠይቁኛል።"

ውድነሽ ከዚህ በፊት ልብስ ተበላሽቶባት አያውቅም። ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

እራት ላይ ጠየቀችው። "ወልዴ፣ እስከ ትንሣኤ ብቻ ያን ቀለም ፋቅልኝ። ብርሃን ልይ።"

"ለዚያች ስፌትሽ ብዬ ዓሣ ልግደል?"

"ለሥራዬ ነው።"

"ተዪው በቃ። ምን አጣሽ? ሚስቴ ልብስ እስክትሰፋ አልተቸገረችም።"

ከዚያ ተነስቶ ዓሦቹን አበላ። እሷም ዝም አለች። ለምን ዝም ትላለች? ሳህን አነሳች፣ ዝም። እሱን ብቻ መናቅ ሰልችቶኛል መሰለኝ ዛሬ እሷንም ናቅኳት።

መጋቢት 25

ናቅኳት ያልኩትን እውጠዋለሁ።

ጠዋት ወንድሜ ወደ መጋዘኑ እንደሄደ ጠራችኝ። "ሔለንዬ፣ የስፌት መኪናውን በዚያ በኩል ያዢልኝ።"

"የት ልንወስደው?"

"ብርሃን ያለበት።"

ተሸክመን ወጣን። አስፋልቱን ተሻገርን። የሬድዋን ሱቅ ሰፊ በረንዳ አለው። ውድነሽ ክርና ቁልፍ የምትገዛው ከሱ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ብቅ አለ።

"ሰላም ነው እትዬ ውድነሽ? ጎርፍ ገባ እንዴ?"

"ጨለማ ነው የገባው። በረንዳህን ለስፌት ታውሰኛለህ?"

ግራ ተጋብቶ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ቤታችንን። "ጋሽ ወልደአማኑኤል ያውቃሉ?"

"ማታ ያውቃል።"

ሬድዋን ሳቁን ዋጥ አድርጎ የስኳር ካርቶኖቹን ወደ ጎን ገፋ። እሷም ተቀምጣ የተሳሳቱትን እጅጌዎች መፍታት ጀመረች።

መጋቢት 26

ትናንት ማታ ወንድሜ ጮኸ። "መንገድ ላይ? የኔ ሚስት? አስፋልት ዳር?" አለ። "አዎ፣ እዚያ ይታያል" አለችው። ሄዳ ተኛች።

መጋቢት 29

ሚዛን ምን ትላለች? ወልደአማኑኤል ከስሯል ትላለች! ቡናው ከስሮበት ሚስቱን ስፌት ላይ አሰማራ። አስካለች ለእኔ ነገረችኝ፣ እኔ ለማንም አልነገርኩም... ለሁለት ሰው ካልሆነ።

ዓባይነህ ከቴፒ ደወለ። ወንድሜ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ስለሚያወራ ሁላችንም ሰማን። "ወዳጄ፣ ከቸገረህ አትደብቀኝ። ዓሦቹን እኔ ልግዛቸው?" ስልኩን ሲዘጋ ጆሮው ቲማቲም መስሏል። መጥተህ ግዛለት ዓባይነህ። ከነቀለሙ።

ከሥራ ስወጣ እኔም በረንዳው ላይ ቁልፍ እተክላለሁ። ጣቴን ወጋሁት። ደስ ይላል።

ሚያዝያ 4፣ ትንሣኤ

ቆመው ዘመሩ። ወይን ጠጅና ቡኒ፣ እያንዳንዱ በቦታው። ውድነሽ መዝሙሩን የሰማች አይመስለኝም። እጅጌ እጅጌ ስታይ ቆየች።

ወንድሜ አልመጣም። ውኃ እየቀየረ ነው።

ሚያዝያ 9

ቲጂ ሌላ አጥቢያ ይዛ መጣች። በረንዳው ላይ ሰው ተሰልፏል። ከቱም ከተማ የመጣች አንዲት ነጋዴ ቀሚሷን ይዛ፣ ሁለት ተማሪዎች፣ ዩኒፎርሙ የተቀደደ አንድ ዘበኛ።

ማን መጣ? ወንድሜ። ኮቱን ለብሶ፣ ሱሪ በፌስታል ይዞ። ተሰላፊው ሁሉ ዞሮ አየው። "ውድነሽ፣ ነይ እስቲ" ሊል አፉን ከፈተ... አየሁት፣ ዓሦቹ እንደሚከፍቱት። ሰው በዛበትና ዋጠው። ፌስታሉን ብቻ ወደ እሷ ዘረጋ።

ቀና ብላ አላየችውም። "ወረፋ አለ።"

"ወንድም፣ እኔ ቀድሜሃለሁ" አለችው የቱሟ ነጋዴ።

ሬድዋን በርጩማ አቀበለው። ተቀመጠ። ወንድሜ፣ ወልደአማኑኤል፣ ተራ ጠበቀ! ነጋዴዋ ቀሚሷን አስጠበበች፣ ተማሪዎቹ ዚፕ አስቀየሩ፣ የዘበኛው ዩኒፎርም ተሰፋ። የእሱ ተራ ደረሰ። ውድነሽ ሱሪውን ዘርግታ ገለበጠችው።

"ምኑ ነው?"

"እ... እግሩ ረዝሞብኛል።"

"ቁም።"

አስፋልቱ ፊት ቆመ። ሜትሯን አውጥታ ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ለካችው። ሱሪውንም ለካች።

"ልክህ ነው።"

ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ፣ "ቀለሙን አስፍቀዋለሁ። ነገውኑ። ወደ መስኮትሽ ተመለሺ" አላት። ስቀርብ ሰማሁት። ወንድሜ በለሆሳስ ማውራት እንደሚችል ዛሬ አወቅኩ።

ሱሪውን አጣጥፋ ፌስታሉ ውስጥ መለሰችለት።

"ተወው፣ ዓሦቹ ለምደውታል። እኔም እዚህ ለምጃለሁ።" ከዚያ በትከሻው አልፋ አየች። "ቀጥሎ ማነው?"