ተጣጣፊው ክፍል

ሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 2005

የዜና ጽሑፎች ሳርም ዋልኩ። ዛሬም «ሕዝብ»ን በሃሌታው ሀ ጽፈውታል! ከሰዓት በኋላ ኢንጂነር ይዲድያ የሬዲዮ ጣቢያችንን አዲስ የሥርጭት መቆጣጠሪያ ክፍል ንድፍ አምጥቶ ቋንቋውን ይዩልኝ አለ። ርዕሱ፦ «ተጣጣፊ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ክፍል»።

ተጣጣፊ? አልጋ ነው?

«ፍሌክሲብል ለማለት ነው፣ እትዬ ብርቄ። ክፍሉን ለዜናም ለውይይትም እንቀያይረዋለን። ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙን ራሱ ያስገባል፣ ራሱ ያወጣል።»

«ሰውስ?»

«ሰው አያስፈልግም።»

እንዴት ደስ እንዳለው!

እሑድ፣ ጥር 19

የሙከራው ቀን። የጀመሩት በማን ነው? በእኔው የሽማግሌዎች ፕሮግራም። ጋሽ ቢሻው ከደካ መንደር ድረስ መጥተው፣ እንደ ልማዳቸው በካፋ ቋንቋ በካፊኖኖ መርቀው ሊዘጉ እጃቸውን ዘረጉ። «ልጆቻችሁ...» ሲሉ ኮምፒውተሩ የሳሙና ማስታወቂያ አስገባ።

ልጆቻችሁ ምን? ይደጉ? ይጥፉ? ገበያ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ይጠይቀኛል።

ጋሽ ቢሻው ኮፍያቸውን አነሱ። «ግማሽ ምርቃት ማን ቤት ይገባል? ከእንግዲህ አልመጣም።»

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ስብሰባ። የጣቢያው ኃላፊ፦ «ምርቃቱ ቀድሞ ተቀርጾ ይከርከም። ሽማግሌው እምቢ ካሉ ፕሮግራሙ ይታጠፋል።»

ይታጠፋል! ለካ ተጣጣፊው ይህ ኖሯል... በካፊኖኖ ሽማግሌ የሚሰማበት ያለን ይኸው አንድ ፕሮግራም ነው።

ይዲድያን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «አንድ ቁልፍ ጨምርበት። ሰው ሲጫነው ኮምፒውተሩ ይጠብቅ።»

«አውቶማቲክ ላይ የእጅ ቁልፍ? ዲዛይኑን ያበላሽብኛል፣ እትዬ።»

«አንተ የቦንጋ ልጅ አይደለህ? ምርቃት በሰዓት ሲያልቅ የት አየህ? ትዕግሥት የሌለው ነገር ምኑ ይተጣጠፋል?»

ሞባይሉን ነካ ነካ አደረገ። ወይ ዘንድሮ!

ቅዳሜ፣ የካቲት 2

ደካ ሄጄ ጋሽ ቢሻውን ለመንኩ። መንገዱ ወገቤን ቆረጠኝ።

«ይጠብቃል አሁን ያ ማሽን?»

«ይጠብቃል» አልኩ። ይዲድያ ግን እስከ ትናንት ምንም አልነገረኝም... ዋሸሁ ማለት ነው?

እሑድ፣ የካቲት 3

ጋሽ ቢሻው መጡ። መቆጣጠሪያ ክፍል ስገባ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ቁልፍ አለ! ይዲድያ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ቀልቷል። ቀና ብሎም አላየኝ።

ምርቃቱ ሲጀመር ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩ። ኮምፒውተሩ ቆመ። እሳቸው ግን አልቆሙም። ንቡን መረቁ። ቡናውን መረቁ። ወደ ዋጫ የሚወስደውን መንገድ ሳይቀር መረቁ። አያልቅላቸውም እንዴ እኚህ ሰውዬ? ኃላፊው በስልክ ይጮኻል፤ ጣቴ ደነዘዘ።

«እትዬ፣ ይልቀቁት እንጂ!» አለ ይዲድያ።

«አሜን ሳይባል?»

«ለላጤዎቻችንም ትዳር ይስጥልን» ሲሉ፣ ከኋላዬ «አሜን!» ያለው ማን ነው? ይዲድያ። ያን ጊዜ ለቀቅኩ።

ቁልፉ ሥር በፕላስተር ላይ ስም ጽፎለታል፦ «ትእግስት»። በአልፋው አ፣ በእሳቱ ሰ! በአንድ ቃል ሁለት ስሕተት። ቀዩ እስክሪብቶ እጄ ላይ ነበር።

እስክሪብቶውን ከደንኩት።