ያልመጡት እንግዳ የተከሉት ጥድ

ለክቡር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ
አሥመራ

ክቡር ሆይ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ፣ ወገብዎስ? ትምህርት ቤታችን እስካለበት እስከ ቤት ጊዮርጊስ ድረስ መውጣት አቅቷት የቀረችው ማኪናዎስ? እግዚአብሔር ሁላችሁንም ይጠብቅልን።

አንባቢዎቼ ይሳቁብኝና አንድ ጉዴን ልናገር። በዚህ መጽሔት መጻፍ ከጀመርኩ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ባለፈው እሑድ የእኅቴ ልጅ ፍረወይኒ ያመጣችውን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የዜና ማሠራጫ ትምህርት ፈተና ለጉራ ያህል ተቀምጬ ብሠራው ከሃያ አራት አገኘሁ፤ አራቱንም ያገኘሁት ስሜንና ቀኑን አስተካክዬ በመጻፌ ነው። የጣለኝ ጥያቄ «ክቡር ተቆጣጣሪው ኅዳር ፱ ቀን ትምህርት ቤታችንን ሲጎበኙ ምን ተከሉ?» የሚለው ነበር። እኔ «አልመጡም» አልኩ። ትክክለኛው መልስ «ጥድ» ነው።

ልጆቻችን ስለ ጋዜጣና ስለ ሬዲዮ እንዲማሩ በዚህ ዓመት በመፈቀዱ እጅ ነሥተናል። ቅሬታዬም ጥቂት ናት።

አንደኛ፦ ተማሪዎቹ የሚያዘጋጁት የግድግዳ ጋዜጣ ከመለጠፉ በፊት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄዶ ማኅተም ያርፍበታል፤ ማኅተሙም ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ መምህሩ አቶ ንጋሲ፣ ዜናው እንዳይሻግት ብለው፣ ልጆቹ ነገሩ ከመሆኑ ከሦስት ሳምንት በፊት እንዲጽፉት ያስተምሯቸዋል። ይህ ጥበብ ለነቢያት ብቻ የተሰጠ ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛ፦ በዚሁ ጥበብ የእርስዎ ጉብኝት በጥቅምት ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ኅዳር ፱ ማለዳ ተለጠፈ። «ክቡርነታቸው በደማቅ ጭብጨባ አቀባበል ከተደረገላቸው በኋላ ጥድ ተክለው፣ ባዩት ሁሉ መደሰታቸውን ገለጹ» ይላል። ልጆቹ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በዚያ ጭጋግ ውስጥ ተሰልፈው ቆሙ። በመጨረሻ መብራቷን አብርታ ብቅ ያለች ማኪና ሲያዩ መዝሙሩንም ጭብጨባውንም ለቀቁት። የዳቦ ማኪና ነበረች። ሹፌሩ ወርዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ። እንግዲህ ከዜናው ውስጥ ጭብጨባው እንኳ እውነት ነው።

ዳይሬክተሩ ግን ማኅተም ያረፈበት ነገር እንዴት ሳይሆን ይቀራል ብለው ዘበኛውን አቦይ ሀብተማርያምን አስጠሩ። አቦይ ሀብተማርያም ኮት ተውሰው የእርስዎን ጥድ ተከሉ። «መደሰትም አለብኝ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ፣ «አዎን፣ ግን ባጭሩ» ተባሉ።

ሦስተኛ፣ ብዕር ያስነሣኝም ይኸው ነው፦ ፍረወይኒ ለዚያ ሳምንት የዜና ሥራዋ «እንግዳው አልመጡም፤ ጥዱን የተከሉት ዘበኛው ናቸው» ብላ ጻፈች። ዜሮ ተሰጣት። ይህ ዜሮ ሳይነሣ ለመልቀቂያ ፈተና አትመዘገብም፤ ምዝገባው ደግሞ የወሩ መጨረሻ ዓርብ ይዘጋል። አቶ ንጋሲ ክፉ ሰው አይደሉም። ሻሂ ጋብዤ ብለምናቸው ግራ ቀኝ አይተው፣ «ወይዘሮ ጽገ፣ ልጅቷ የጻፈችው እውነት ነው፤ ግን ማኅተም የለውም» አሉኝ። በጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ እየገባች ልጇን እዚህ ያደረሰችው እኅቴ አልማዝ ደግሞ «እዋይ ልጄ፣ መጡ ብትያቸው ምን ይጎድልብሻል?» እያለች ታለቅሳለች። ፍረወይኒ የምትመልሰው አንድ ነው፤ «ማማ፣ አራት ሰዓት ቆሜ የጠበቅሁት እኔ ነኝ።»

ክቡር ሆይ፣ ያን ዕለት የት እንደዋሉ አልጠይቅም። ፎርቶ ኮረብታ ሥር ልብስ ሰፊ ዘንድ ሱሪ ሲለኩ አየናቸው የሚሉ አሉ፤ እኔ ሐሜት ስለማልወድ ቡናማ መሆኑን እንኳ አላነሣም። የምለምንዎ አንድ መሥመር ብቻ ነው፤ «አልመጣሁም» ብለው ጽፈው ማኅተምዎን ያሳርፉበት። ይህን በሥልጣን ሊናገር የሚችል ሰው በከተማው ከእርስዎ በቀር የለም። አደራዎን፣ አዝነው እንዳይመጡ ብቻ! ከዓርብ በፊት ብቅ ካሉ ዜናው እውነት ይሆንና ልጅቷ ጨርሳ ትወድቃለች።

ስላልመጡልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። መጥተው ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ዜና ምን እንደሆነ ከምን ይማሩ ነበር? እኛ ሰፈር ምስጋና ሲበዛ እንደምንለው፣ የቐንየለይ።

በፍጹም ትሕትና ከእግርዎ ሥር የምትወድቀው፣ ከሃያ አራት ያገኘችው አገልጋይዎ
ጽገ ተወልደመድኅን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጥድዎ ደርቋል። «ለምልሟል» የሚለው ዜና ግን ማኅተም አርፎበት ስለመጣ፣ አቦይ ሀብተማርያም አረንጓዴ ችግኝ ፍለጋ ዓዲ ኣበይቶ ወርደዋል። ዓርብ የተመዝጋቢዎቹ ስም ሲለጠፍ እኔ ከሰሌዳው ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። የፍረወይኒ ስም ካለ አለ፣ ከሌለ የለም ብዬ በዚሁ ገጽ እጽፋለሁ። ሳላይ ግን አንድ ቃል አልጽፍም፤ ይህን የተማርኩት ዜሮ ካገኘችው ልጅ ነው።